አምስቱ ጥቁር ቁልፎች

«ቦንጋ ላይ ለሕፃናት ፒያኖ ማስተማር እንዴት ይሆናል? ከምን ትጀምሪያለሽ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ ዛሬ የምሠራውን እንዳለ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ መሣሪያው። ትልቁ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ የእኛ ኪቦርድ 61። ለጀማሪ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ያለንበት ካፋ ዝናበኛ አገር ነው፤ የእንጨት ፒያኖ እርጥበት ሲያገኘው ቅኝቱ ይዛባል። ኪቦርድ ይህ ጣጣ የለበትም። የገዛነው በ9 ቤተሰብ መዋጮ ነው። እንደ እቁብ ዕጣ እናወጣለን፤ በየሳምንቱ ዕጣ ወደ ወጣለት ቤት ይሄዳል። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ልጆቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። ተራቸው ያልደረሰ ደግሞ ካርቶን ላይ በሣልነው ኪቦርድ ጣታቸውን ያለማምዳሉ።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ኖታ ቶሎ አላወጣም። ከጥቁሮቹ ቁልፎች እጀምራለሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ስለተደረደሩ የ5 ዓመት ልጅም በዓይኑ ይለያቸዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዞ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁሮችን በተከታታይ የነካ ልጅ፣ ሳያውቀው ትዝታ ሜጀርን ተጫወተ ማለት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሁለቱ ጥቁሮች ሁለተኛውን መነሻ አድርጎ ቢጫወታቸው ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ጥቁሮቹ ላይ ጆሮ የሚያሻክር ግጭት ስለሌለ ልጁ አይፈራም። ድምፁንም ከእናቱ ጀርባ ጀምሮ ያውቀዋል።

የጆሮን ነገር አትናቁት። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ፒያኖ ከመማሩ በፊት በልጅነቱ የያዘው ክራር ነበር። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም ገና በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው በአውሮፓ ሙዚቃ ቢሠለጥኑም፣ በፒያኖአቸው የምንሰማው የአገራችንን ቅኝት ነው።

ለእጅ አያያዝ መምህሬ ቀይ የቡና ፍሬ ነው። የልጁ መዳፍ ላይ አስቀምጬ «ሳትጨፈልቀው ጣቶችህን ክብ አድርግ» እለዋለሁ። ከዚያ ፍሬውን እወስዳለሁ፤ እጁ ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል።

ወላጆችንና ጎረቤትን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ተሳሳትክ» አትበሉት፣ «እስኪ ድገምልኝ» በሉት። ትንሽ ልጅ ከመሣሪያው ጋር የሚሰነብተው የሚሰማው ሰው ሲኖር ነው።

«ነጮቹን ቁልፎች መቼ ትጀምሪያለሽ?» ላላችሁኝ፣ መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት አያት ነው። አንድ ምሽት ኪቦርዱ ያለበት ቤት ቡና ተጠርቼ ሳለ መብራት ጠፋ። የ6 ዓመቷ ልጅ ካርቶኗን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አያቷ ጀበናውን ከሰል ላይ ጥደው፣ እሷን ሲያስተኙ የሚሉትን ዜማ በካፊኖኖ ቋንቋ ማንጎራጎር ያዙ። ልጅቷ በካርቶኑ ላይ እየተከተለች «እማማ፣ እሷ ጋ ይድገሙልኝ!» ትላለች፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይደግማሉ።

መብራቱ ሲመጣ ወደ ኪቦርዱ ሮጠች። የዜማው መጀመሪያ ጥቁሮቹ ላይ ተገኘ። አንዷ ድምፅ ግን እምቢ አለች። ልጅቷ ጥቁሮቹን አንድ በአንድ ሞከረች፣ አያቷን አየች፣ አያቷ ያችን ድምፅ ረዘም አድርገው ያዙላት። ትንሿ ጣት ቀስ ብላ ወደ ነጩ ወረደች።

«ይኼውና!» አሉ አያት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጮቹን የማስተምረው፣ ልጁ የሚወደው ዜማ ሲጠይቃቸው ነው።