ጠግቦ የሚራብ አንጎል

ሆድ ሞልቶ ሳለ አንጎልና ጡንቻ ሊራቡ ይችላሉን? አዎን፣ ይችላሉ። ይህን ለዓለም ካስተማሩት መካከል ዶሮዎች ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ሆላንዳዊው ሐኪም ክርስቲያን አይክማን በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ያጠና ነበር። የበሽታውን ተውሳክ በመፈለግ ላይ ሳለ የቤተ ሙከራው ዶሮዎች ይንገዳገዱ ጀመር፤ እግራቸውም ከዳቸው። ነገሩ ሲጣራ ምግባቸው ከወታደር ሆስፒታል የሚመጣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ሆኖ ተገኘ። አዲስ የተቀጠረ ወጥ ቤት ያንን ሩዝ ከልክሏቸው ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዶሮዎቹ ዳኑ። በ1901 ባልደረባው ኼሪት ግሪንስ ነጩ ሩዝ መርዝ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም አንድ አስፈላጊ ነገር እንደጎደለው አስረዳ። ይህ የጎደለው ነገር ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 ይባላል።

ጉድለቱ እንዴት ይጎዳል? ሩዝ በሰውነት ውስጥ ወደ ግሉኮስ ይለወጣል። ግሉኮስ ግን ማገዶ ነው፤ በሚገባ እንዲነድ ቢ1 ያስፈልገዋል። ቢ1 ሲጠፋ ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል፤ ፓይሩቪክና ላክቲክ አሲድ ይከማቻሉ። አንጎልና ነርቭ ኃይል ያጣሉ። ከነርቭ ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻም ይዝላል፣ ይመነምናል።

በ1930ዎቹ በኦክስፎርድ ሩዶልፍ ፒተርስና ባልደረቦቹ በዚህ እጥረት አንገታቸው ወደ ኋላ የተቆለመመ እርግቦችን መረመሩ። በአንጎላቸው ላክቲክ አሲድ በዝቶ ተገኘ። ከአንጎሉ የተወሰደው ሥጋ ኦክሲጅን የሚጠቀመው በዝግታ ነበር፤ በብልቃጥ ውስጥ ቢ1 ሲጨመርለት ግን አጠቃቀሙ ጨመረ። የአካሉ ቅርጽ ሳይበላሽ ኬሚስትሪው ብቻ ሊዛባ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በጊዜ የተደረሰለት ፈጥኖ የሚያገግመውም ስለዚህ ነው።

ከብትና በግ የምናደልብም ልብ እንበል። እህል በድንገት ሲበዛባቸው በጨጓራቸው ውስጥ ቢ1ን የሚያጠፉ ጀርሞች ሊራቡ ይችላሉ። እንስሳው ዓይኑ ከታወረ፣ ራሱንም ወደ ላይ ካንጋጠጠ የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ሊያየው ይገባል።

የሰው ሰውነትም የሚያከማቸው ቢ1 ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚበቃ ነው። እጥረት ያለባት እናት የምታጠባው ሕፃንም ሊታመም ይችላል። ስለሆነም ማዕዳችን በነጭ ሩዝና በፉርኖ ዱቄት ብቻ አይወሰን። ጤፍ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ጥሩ ነው፤ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራም ይጨመሩበት። ቢ1 በውኃ ስለሚሟሟ የቀቀልንበትን ውኃ አንድፋ። ልጆቻችን መጥገባቸውን ብቻ ሳይሆን በምን እንደጠገቡም እንይ።