ከሐኪም ደጅ ለራቀ ሰው የተዘጋጀ የውፍረት ሕክምና

ከልክ ያለፈ ውፍረት የከተሜ ድሎት ያመጣው ነው የሚለው አሳብ በእኛ ዘንድ ቢሰለጥንም፣ በዩናይትድ ስቴትስ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ጠይቆ ከመዘገባቸው ጎልማሶች፣ ከገጠሮቹ ከመቶ 34.2ቱ፣ ከትልልቅ ከተሞችና ከአካባቢያቸው ነዋሪዎች ግን 28.7ቱ በዚሁ ደዌ የተያዙ ሆነው ተገኝተዋል። የዚያ አገር ገበሬ የሚያርሰው በትራክተር ተቀምጦ ነው፤ ሐኪሙና የአመጋገብ ዐዋቂው ደግሞ ከደጁ ርቀው ይኖራሉ።

ይህን ርቀት በኢንተርኔት ለመሻገር የታሰበው ሕክምና የሚሠራው በልማድ ላይ ነው። ታካሚው የበላውን፣ የተራመደውንና ሚዛኑ ያሳየውን ሳይደብቅ በየዕለቱ ይመዘግባል፤ በየሳምንቱም ትምህርት ይላክለታል፤ አማካሪው መዝገቡን ከሩቅ ሆኖ መርምሮ፣ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ማዕድ እንደተሰናከለ እያመለከተ፣ የነፍስ አባት ለተነሳሒው ቀኖና እንደሚሰጥ፣ ለሚመጣው ሳምንት የሚችለውን ያህል ብቻ ያዝዘዋል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በእኔ አስተያየት ይኸው ምላሽ ነው። ዲቦራ ቴትና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት 91 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ትምህርታዊ ገጾችን ብቻ ሲያሳዩ ለሁለተኛው ሳምንታዊ ትምህርት፣ መዝገብና የአማካሪ ምላሽ ጨመሩለት፤ ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው በአማካይ 1.6፣ ሁለተኛው 4.1 ኪሎ ቀነሰ። ብዙ ሰው የሚጎዳውን ምግብ አስቀድሞም ያውቃል፤ የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነበር።

ሆኖም ኢንተርኔት የፊት ለፊት ጉባኤን ያህላል ማለት ሐሰት ነው። አብዛኛው ሕዝቧ በገጠር በሚኖርባት በቨርሞንት የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበትና በ2010 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በየሳምንቱ በአካል የተሰበሰቡት በስድስት ወር 8 ኪሎ ሲቀንሱ በኢንተርኔት የተወያዩት 5.5 ቀንሰዋል፤ ይህም ቢሆን መንገድ ለራቀበት ሰው ቀላል ፍሬ አይደለም።

መስመሩ በማይደርስበት ስፍራ ደግሞ ተራ ስልክ ይበቃል። በፍሎሪዳ ገጠር፣ በየአውራጃው በሚገኙ የግብርና ኤክስቴንሽን ጽሕፈት ቤቶች ተሰብስበው ክብደታቸውን የቀነሱ ሴቶች፣ በ2008 እንደታተመው፣ በቀጣዩ ዓመት በስልክ የተመከሩትም በአካል የተመከሩትም እኩል 1.2 ኪሎ ብቻ ሲመለስባቸው፣ ጽሑፍ ብቻ በተላከላቸው ላይ 3.7 ኪሎ ተመልሷል፤ የስልኩም ምክር ከፊት ለፊቱ ያነሰ ወጪ ጠይቋል።