በሁለት ቀኖች መካከል የሚገኘውን የሰው ዕድሜ ስለ መቍጠር

በማናቸውም የሕዝብ ኑሮ ጥናት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የተጠያቂው ዕድሜ ነው። መልሱ አንድ ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዕድሜ በሁለት ቀኖች መካከል ያለ ርቀት እንደ መሆኑ መጠን፣ የልደቱ ቀንና የጥያቄው ቀን በየትኛው የዘመን አቈጣጠር እንደ ተጻፉ ካልታወቀ ቍጥሩ ብቻውን እምነት የሚጣልበት አይሆንም። ዛሬ አብዛኛው መዝገብ በኮምፒዩተር የተመን ሉህ ላይ ስለሚሰናዳ ጕዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሆኗል፤ ሉሁ ያለ ድካም ይቈጥራል እንጂ የሚቈጥረው የማንን ዘመን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ በአማርኛ ዕድሜ የሚነገርበት መንገድ ሁለት መሆኑ ነው። «አሥራ ስምንት ዓመቱን ያዘ» ሲባል አሥራ ሰባቱን ጨርሶ ወደ አሥራ ስምንተኛው ገባ ማለት ነው፤ «አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው» ሲባል ግን አሥራ ስምንተኛውን ፈጸመ ማለት ነው። ሕግ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ለወንድም ሆነ ለሴት የጋብቻን ዕድሜ በመሠረቱ የሞላ አሥራ ስምንት ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት አሥራ አምስት ዓመትን ይበቃል ብሎ ነበር። እንግዲህ አንዲት ልጃገረድ አሥራ ስምንት ዓመት «ያዘች» በመባልና «ሞላት» በመባል መካከል ያለው ልዩነት እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ውስጥ ሕጉ የሚሰጣት ጥበቃ በመዝጋቢው ቍጥር ላይ ይንጠለጠላል።

የኢትዮጵያ ዓመት ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወሮችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። በዚህ መሠረት 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆናለች።

ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ልጃገረድ ጥቅምት 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ተወልዳ መስከረም 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ዕድሜዋ ተጠየቀ እንበል። ከ2016 ላይ 1998 ሲቀነስ 18 ይገኛል። ነገር ግን መስከረም 10 ከጥቅምት 25 የሚቀድም ስለ ሆነ የልደቷ ዕለት ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ አንድ ይቀነስና የሞላት 17 ዓመት ነው። ከጥቅምት 25 ቀን 2015 እስከ ነሐሴ 25 አሥር ወር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የነሐሴ 5 ቀን፣ የጳጉሜን 6 ቀንና የመስከረም 10 ቀን ሲደመሩ 21 ቀን ይሆናሉ። ጠቅላላው 17 ዓመት ከ10 ወር ከ21 ቀን ነው። ወርን ሁሉ ሠላሳ ቀን፣ ዓመትንም አሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጎ የሚቀንስ ሰው ግን 15 ቀን ያገኛል፤ የጐደሉት ስድስት ቀኖች የጳጉሜን ቀኖች ናቸው።

ይኸው ዕድሜ በአውሮጳ አቈጣጠር ሲታሰብ፣ የልደቱ ቀን ኖቬምበር 4 ቀን 2005፣ የጥያቄውም ቀን ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ይሆናል። በመካከሉ ያለው 17 ዓመት ከ10 ወር ከ17 ቀን ነው። በአንዱ 21፣ በሌላው 17 ቀን መገኘቱ ስሕተት አይደለም፤ የወሮቹ ርዝመት ስለሚለያይ ነው። ጠቅላላው የቀን ብዛት በሁለቱም 6,530 ነው፤ የሞሉትም ዓመቶች በሁለቱም 17 ናቸው። ከዚህ የሚታየው፣ በሁለት አቈጣጠሮች መካከል የሚነጻጸረው የሞላ ዓመትና የቀን ድምር እንጂ የወርና የትርፍ ቀን ቍጥር አለመሆኑን ነው።

የተመን ሉህ ቀንን የሚያኖረው በተራ ቍጥር ነው። ኤክሴል በተባለው የታወቀ ሉህ ውስጥ ተራው የሚጀምረው በአውሮጳ አቈጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ቀኖች 38,660ኛና 45,190ኛ ሆነው ይቀመጣሉ። ልዩነታቸው 6,530 ነው። «ዴትዲፍ» የሚባለው ቀመር ደግሞ በሁለቱ መካከል የሞሉትን ዓመቶች ይሰጣል። ሁለቱም ቀኖች በትክክል ወደ አውሮጳ አቈጣጠር ተመልሰው የገቡ እንደ ሆነ የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ስሕተቱ የሚመጣው የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ሲጻፍ ነው። መዝጋቢው ልደቱን 25/2/1998 ብሎ ጽፎ፣ የዛሬውን ቀን ሉሁ ራሱ እንዲሞላው ቢያዝ፣ ሉሁ ልደቱን ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1998 አድርጎ ይወስድና ከ2023 ላይ ይቀንሳል። ውጤቱ 25 ዓመት ይሆናል። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ በመዝገቡ ላይ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ሆና ትገኛለች፤ ሉሁም አንዳች የስሕተት ምልክት አያሳይም።

ሁለቱም ቀኖች በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዳሉ ቢጻፉ ደግሞ የዓመቱ ቍጥር 17 ሆኖ ይገኛል፤ የትርፉ ቀን ግን 16 ይሆናል። ይህም ቢሆን የሚያዘልቅ መንገድ አይደለም። ጥቅምት 30 ቀን 30/2 ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን ስለሌላት ሉሁ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የጳጉሜን ቀን ደግሞ 5/13/2015 ተብሎ ቢጻፍና ሉሁ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ ልማድ የተሰናዳ ቢሆን፣ ሜይ 13 ተብሎ ይነበባል። ከ1900 በፊት ያሉትን ቀኖችም ኤክሴል እንደ ቀን አይቀበልም፤ ስለዚህ የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ወደ አውሮጳው ማርች 1 ቀን 1896 ቢመለስም እንኳ በሉሁ አይቈጠርም። የቀኑን ድምር ለ365.25 ማካፈልም የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጥቅምት 25 ቀን 1997 የተወለደ ሰው ጥቅምት 25 ቀን 2015 አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የቀኑ ድምር 6,574 ስለሚሆን፣ በዚህ ስሌት ገና 17 ነው ይባላል።

አስተማማኙ መንገድ ቀንን፣ ወርንና ዓመተ ምሕረትን በሦስት ልዩ ልዩ ዐምዶች እንደ ተራ ቍጥር መጻፍ ነው። የሞላውን ዓመት ለማግኘት ዓመት ከዓመት ይቀነሳል፤ የጥያቄው ወርና ቀን ከልደቱ ወርና ቀን የሚቀድም ከሆነ አንድ ይቀነሳል። በዚህ ደንብ ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው፣ ጳጉሜን አምስት በሆነችበት ዓመት ዕድሜው የሚሞላው በማግስቱ መስከረም 1 ቀን ነው። የቀኑን ድምር ለማግኘት ከዓመቱ አንድ ተቀንሶ በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ተጥሎ ድርሻው ይጨመራል፤ ከወሩ አንድ ተቀንሶ በ30 ይባዛና ይደመራል፤ በመጨረሻ ቀኑ ይደመራል። በምሳሌው ልደቱ 729,459፣ የጥያቄው ቀን 735,989 ይሆናሉ፤ ልዩነታቸውም ያው 6,530 ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ቢቀና የልደቱ ቀን ራሱ ከየት እንደ ተገኘ መመርመር ያስፈልጋል። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 760 ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው ልደቱን የሚያስረዳው በትውስታ ነው። ይህ ትውስታ ግን መልክና ሥርዓት ያለው ነው። አንዲት እናት «በጣልያን ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ተወለድሁ» ቢሉ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመቶች ውስጥ ዘመነ ሉቃስ 1931 ብቻ ነው፤ የኅዳር ሚካኤልም ኅዳር 12 ቀን ነው። በሦስት ቃል የተነገረው ወደ አንድ የታወቀ ዕለት ያደርሳል። ኅዳር 12 የተባለው የክርስትና ቀን ከሆነ ግን፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ስለሚጠመቁ ልደቱ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሰማንያው ቀን ቍጥርም ወደ ነሐሴ 1930 ዓ.ም. ያደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ዓመቱም ወንጌላዊውም ይለወጣሉና፣ ዘመነ ሉቃስ የተባለው ለልደቱ ነው ወይስ ለክርስትናው ብሎ ተጠያቂዋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በጥናት መዝገብ ላይ ዕድሜ ብቻውን ተጽፎ ሊተው አይገባም። የልደቱ ቀን፣ የጥያቄው ቀን፣ የሁለቱም አቈጣጠር፣ ዕድሜው የተያዘ ወይም የሞላ መሆኑ፣ ቀኑም በምስክር ወረቀት፣ በክርስትና ወይስ በትውስታ እንደ ታወቀ አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። እነዚህ ከተጻፉ ስሕተት ቢገባ እንኳ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ሊያርመው ይችላል፤ ካልተጻፉ ግን የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት እንደ ሆናት ትቀራለች።