ጉም ውስጥ መኪኖች ለምን ይደራረባሉ?

በፍጥነት መንገድ ላይ በጉም ሰዓት የሚደርስ የመኪኖች መደራረብ መነሻው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ግጭት ነው። አንዱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከኋላ ያለው ደርሶ ይገጨዋል፣ ሁለቱም ሾፌሮች ሳይጎዱ ይወርዳሉ። ሰው የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

በሚገባ ከተመረመሩት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1990 ጠዋት በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ካልሁን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ የደረሰው ነው። ቻታኑጋንና ኖክስቪልን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ወደ ደቡብ ይሄድ የነበረ ባለተሳቢ ከባድ መኪና በጉሙ ምክንያት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሌላ ባለተሳቢ ከኋላው ገጨው። ሾፌሮቹ ደህና ነበሩ፤ ወርደው ጉዳቱን ለማየት ሞከሩ። ቀጥሎ አንድ የቤት መኪና የኋለኛውን ከባድ መኪና መታ፤ የቤት መኪናዋን ደግሞ ሌላ ባለተሳቢ ደርሶ ገጫት፤ እሳት ተነሣ። ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድም እንዲሁ ጉሙን ፈርቶ የቀነሰ መኪና ከኋላው ተመታና ሌሎች እየመጡ ተደረቡበት። በሁለቱም አቅጣጫ 99 ተሽከርካሪዎች ተጋጩ፤ 12 ሰዎች ሞቱ፣ 42 ቆሰሉ።

አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የደረሰበት ድምዳሜ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቦርዱ ዋናው ምክንያት ጉሙ ነው ብሎ አልተወውም፤ ሁሉም በጣም ይሮጡ ነበር አላለም። ሾፌሮቹ በድንገት ማየት ሲሳናቸው እያንዳንዳቸው እጅግ በተለያየ ፍጥነት መንዳታቸው ነው አለ። አንዱ ደንግጦ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ሌላው 60 ይበቃል ይላል፣ ጉሙ ውስጥ ገና ያልገባው ሦስተኛው በ110 እየመጣ ነው። እርስ በርስ መተያየት ስለማይችሉ አንዱ ያደረገውን ሌላው አያውቅም። ጥንቃቄ የሚመስለው ድንገተኛ ፍሬንም ለኋለኛው ሰው ወጥመድ ይሆናል።

የርቀቱን ስሌት ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማውም ጥሩ ቢሆን እንኳ ለመቆም 110 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ጉሙ የሚያሳየው 50 ሜትር ብቻ ከሆነ የቆመውን መኪና የሚመታው ገና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። በ80 ቢሆን ኖሮ የሚመታው በ36 ገደማ ነበር፤ በ50 ቢሆን ደግሞ በ28 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በጀርመንና በፈረንሳይ የእይታ ርቀት ከ50 ሜትር በታች ሲሆን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ከዚህ ስሌት ጋር ይገጥማል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ለመቆም ከቤት መኪና የበለጠ ርቀት ስለሚፈልግ ለእሱ 50 ሜትሩም ጠባብ ነው።

ብዙ ሾፌር ግን “ርቀቴን ጠብቄ ነው የምነዳው” ይላል። የተለመደው የሁለት ሰከንድ ርቀት የሚያድነው የፊተኛው መኪና በፍሬን ሲቆም ነው፤ ምክንያቱም እሱም ለመቆም ብዙ ሜትር ይወስዳል፤ የኋለኛውም ያንን ርቀት ያተርፋል። የተከመሩ መኪኖችን የሚገጭ መኪና ግን ባለበት ቀጥ ይላል። ከኋላው ያለው ይተማመንበት የነበረው ርቀት በቅጽበት ይጠፋል። ክምሩም በእያንዳንዱ ግጭት ወደሚመጡት መኪኖች እየረዘመ ይሄዳል። በጉም የሚደርስ ግጭት እንደ ሰንሰለት የሚቀጣጠለው ለዚህ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና እስኪቋረጥ ድረስ አያባራም።

ጉም መሬት ላይ ያረፈ ደመና ነው። በሚቲዎሮሎጂ የእይታ ርቀት ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ጉም ይባላል፤ ሾፌርን የሚያሰጋው ግን ከ200 ሜትር በታች የሚያሳየው ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ያጣል፤ ከመሬቱ ጋር የተነካካው እርጥብ አየርም ቀዝቅዞ ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይለወጣል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ሸለቆና ወንዝ ዳር ይበረታል። የሚከፋው ማለዳ ነው፤ ያም ሰው ሁሉ ወደ ሥራ የሚጣደፍበት ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚያሰጋው ጉም መንገዱን ሁሉ የሸፈነው ሳይሆን እዚህና እዚያ የተቆራረጠው ነው፤ ፀሐይ እያየ በሙሉ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ዝቅታው ላይ ሲደርስ ሳያስበው ይዋጣል።

የዓይን ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በመንዳት መለማመጃ መሣሪያ ላይ የተፈተኑ ሰዎች ጉም ሲበዛ በዝግታ የሚሄዱ እየመሰላቸው ፍጥነት እንደሚጨምሩ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ጉሙ እንደ እውነተኛው፣ ሩቁን ይበልጥ የሚሸፍን ሆኖ ሲሠራ ሰዎች ፍጥነት እንደሚቀንሱ አገኘ። ክርክሩ ለተመራማሪዎቹ ይተው፤ ሁለቱም የሚያረጋግጡት ጉም የፍጥነት ስሜትን እንደሚያዛባ ነው። ስለዚህ በጉም ውስጥ ሊታመን የሚገባው የፍጥነት መቁጠሪያው ነው። ሌላው ልማድ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እንዳያጡ መጠጋት ነው፤ እይታው በቀነሰ መጠን ርቀቱም አብሮ ይቀንሳል።

ችግሩ የቀዝቃዛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2008 በአቡዳቢና በዱባይ መካከል፣ ጋንቱት አካባቢ 200 ገደማ ተሽከርካሪዎች በጉም ተጋጭተው ብዙዎቹ በእሳት ጋይተዋል። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ሌሊት በቀዘቀዘው በረሃ ላይ ሲያርፍ በክረምታቸው ማለዳ ወፍራም ጉም ይፈጥራል። በዚያ አገር የሚነዱ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት በአቡዳቢ መንገዶች ጉም ሲወርድ የፍጥነት ወሰኑ ወደ 80 ይቀነሳል። ጭስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ረግረግ ላይ በተሠራ ድልድይ 158 ተሽከርካሪዎች የተጋጩት ጉምና የሰደድ እሳት ጭስ ተቀላቅለው ነው።

የእኛ አገር ሾፌሮች ጉምን ከጥንት የሚያውቁት ጣርማበር ላይ ነው። እዚያ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ፍጥነት እንዲሁ ይገታል። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ግን ሰፊና እስከ 120 የሚነዳበት ነው። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድም የአየሩ ጠባይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይለዋወጣል። በጣርማበር የተገኘ ልምድ ለዚህ መንገድ አይበቃም።

መፍትሔው አለ። ቴነሲ ከዚያ አደጋ በኋላ በሥፍራው የእይታ ርቀትና የመኪኖችን ፍጥነት የሚለኩ መሣሪያዎችን ተከለች። ጉሙ ሲበረታ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች የሁሉንም ፍጥነት እኩል ዝቅ ያደርጋሉ፤ እጅግ ሲከፋ መግቢያዎቹ ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሥፍራ የ1990ውን የመሰለ አደጋ አልደረሰም። እንደ አዲስ አበባ–አዳማው በክፍያ ጣቢያ የሚገባበት መንገድ ለዚህ አሠራር ይበልጥ ይመቻል፤ መኪኖቹን በሩ ላይ ማቆየት ይቻላልና።

ከሾፌር የሚጠበቀው ጉሙ ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሆን ሲያየው፣ ቀስ በቀስ ፍጥነት መቀነስ ነው። ረጅም መብራት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ስለሚረጭ አጭሩ ይበራል። አራቱን ፍሬቻ አብርቶ መሄድ የቆመ መኪና ስለሚያስመስል ለቆመ ብቻ መተው አለበት። መንገድ መሐል አይቆምም፤ ግጭት ከደረሰ በኋላም በሁለት መኪኖች መካከል ቆሞ ጉዳት ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና መከራከር ሕይወት ያስከፍላል። መኪናው መንቀሳቀስ ከቻለ ዳር ይያዝ፤ ካልቻለና መውጫ ካለ ሁሉም ሰው ወርዶ ከብረት አጥሩ ማዶ ይሻገር፤ ስልክም የሚደወለው ከዚያ ሆኖ ነው።