ፖሊስ ለመሆን ከሩጫው ባሻገር

ኦጎልቾ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ሲወረድ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ፖሊስ መሆን የሚያስብ ልጅ አስቀድሞ የሚያምነው እግሩን ነው። ሯጮቹን ኃይሌን ሻለቃ፣ ደራርቱን ኮሎኔል እያለ ባደገ አገር ሩጫና ማዕረግ አብረው ቢታሰቡ አይገርምም። የአካል ብቃት ፈተናም ሆነ የጤና ምርመራ አይቀርም፤ የአርሲ ልጅ ግን በዚህ በኩል ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ብዕሩ ነው።

አንድ ገበሬ በሬ ተሰረቀብኝ ብሎ ጣቢያ መጣ እንበል። ቃሉን የሚቀበለው ወጣት «አንድ በሬ ጠፍቷል» ብሎ ከጻፈ መዝገቡ ገና ሲከፈት ሞተ ማለት ነው። በሬው ቦራ ነው ዳልቻ? ቀንዱ ቆልማማ ነው? ጆሮው ላይ ምልክት አለው? መጨረሻ ያየው ማን ነው፣ የት? በሬው ገበያ ላይ ሲገኝ የባለቤትነት ክርክሩ የሚንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ተጽፎ ሲያልቅም ለባለጉዳዩ ተነቦለት መፈረም አለበት። እዚህ ላይ ቋንቋ ይመጣል፦ የክልሉ ፖሊስ የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ፌዴራል ፖሊስ መግባት የሚሻ ደግሞ አማርኛውንም አጥርቶ መጻፍ ይኖርበታል።

ተጠርጣሪ ሲያዝ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በዱላ መዝገብ እሞላለሁ የሚል ፖሊስ ሰው ከመበደሉም በላይ የገዛ መዝገቡን ያፈርሳል። በሁለት ቀን ውስጥ ምስክር ፈልጎ፣ ቃል ተቀብሎ፣ ለዳኛ የሚቀርብ ነገር የሚያዘጋጀው መጠየቅና መጻፍ የተማረ ነው።

አገሩን ማወቅም ከዝግጅቱ ይቆጠራል። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠብ ይበርዳል፤ ሽማግሌዎችም ጉማ በሚባለው የደም ካሳ ደም ያደርቃሉ። ይህን የማያውቅ ፖሊስ የሚረዳውን ሰው እንደ እንቅፋት ያያል። ወሰኑንም መለየት አለበት፦ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ጉዳይ በእርቅ ሊዘጋ ይችላል፤ የግድያ ክስ ግን ጉማ ተከፈለ ተብሎ አይቀርም። ሽማግሌ ቤተሰብን ያስታርቃል፤ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው።

እናንተ የኦጎልቾ ልጆች፣ የጠዋት ሩጫችሁን አትተዉ። ማታ ግን ከሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 17 እስከ 20 ያሉትን አንብቡ። አራት አንቀጾች ናቸው፤ ከአንድ ምሽት በላይ አይወስዱም።