የአሶሳ ቤንዚን ሁለት ዋጋ

አሶሳ ውስጥ ቤንዚን ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው አዲስ አበባ ተወስኖ የሚላከውና ማደያ ላይ የሚነበበው ነው። ሌላው መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተደረደረው ቤንዚን ዋጋ ነው፤ ማንም ባይወስነውም የባጃጅ ሹፌር ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ማደያው «ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ሰቅሎ በሚውልበት ቀን እንኳን ጠርሙሱ አይጠፋም። ሻጩ የሌላ ጠርሙስ አናት ቆርጦ፣ ገልብጦ የታንከሩ አፍ ላይ ይሰካና ያንቆረቁራል። ሰልፍ የለም፣ ቴሌብር የለም፣ ደረሰኝማ ጭራሽ አይታሰብም።

የሰዉ ቁጣ የሚያርፈው በዚህ ሻጭ ላይ ነው። ቤንዚኑን ያጠፉት እነሱ ናቸው ይባላል። ሕጉም በዚሁ መንፈስ ተጠናክሯል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ከሕጋዊው መስመር ውጭ ነዳጅ የሚነግድን እስከ እስራት ይቀጣል። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን ባለጠርሙሱ ነገ ጠዋት ቢታሰር ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል። ቦታውን የፈጠረው ሰውየው ሳይሆን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ነውና።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለአቆጣጠር እንዲመች ማደያው አንዱን ሊትር በ100 ብር፣ ጠርሙሱ በ200 ብር ይሸጣል እንበል። አምስት ሊትር የሚፈልግ ባለባጃጅ ከጠርሙሱ ሲገዛ 500 ብር ይከስራል። ሰልፍ ይዞ ቢውል ደግሞ የቀን ገቢው ይቀርበታል። ገቢው ከ500 ብር ከበለጠ ጠርሙሱ ያዋጣዋል። ሥራ የቀዘቀዘበት ጎረቤቱ ግን በተቃራኒው ያሰላል፦ ሲሰለፍ ውሎ ይቀዳል፣ ማታ በጎማ ስቦ ያወጣል፣ አትርፎ ይሸጣል። አንድ ቀን ሰው ጭኖ ከሚያገኘው የበለጠ ካገኘ ባጃጇ መጓጓዣ መሆኗ ይቀርና ባለሦስት እግር በርሜል ትሆናለች። ማደያው ላይ በብር ያልተከፈለው ልዩነት በሰዓት ተከፍሏል፤ ሰዓቱን ወደ ብር የሚመልሰው ቸርቻሪው ነው።

የሚገርመው ይህ አመል የቸገረው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኪስ ቢላዋ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ፍራፍሬ ሊልጡበት ሳይሆን ሊያዩት የሚገዙ። ሪክ ሂንደረር የተባለ የኦሃዮ ባለሙያ የሚሠራት «ኤክስኤም 18» የምትባል ታጣፊ ቢላዋ ለዓመታት በሁለተኛ እጅ ገበያ ከመሸጫ ዋጋዋ እጅግ በላይ ትወጣ ነበር። ወርክሾፑ በትንሽ በትንሹ ያመርታል፣ ዋጋውን ግን ፈላጊው ሊከፍል ከሚችለው በታች ያደርገዋል፤ ቀድሞ የደረሰው ገዝቶ ይቸበችባል። ሰብሳቢዎቹ ስለ አትራፊዎቹ የሚያሰሙት እሮሮ እኛ ስለ ባለጠርሙሱ ከምናሰማው ብዙም አይለይም። ነገሩ የረገበው ግን ማንም ታስሮ አይደለም፤ ወርክሾፑ ምርቱን ሲያበዛ ያ ትርፍ እየሟሸሸ ሄደ።

ከቢላዋ ወደ ቤንዚን ስንመለስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ቢላዋው ቢቀር ማንም አይጎዳም። ቤንዚን ሲወደድ ታሪፍ ይጨምራል፣ ከባምባሲና ከሆሞሻ የሚመጣው እህል ላይ ይደመራል፣ ሽንኩርት ላይ ሳይቀር ይደርሳል። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ የሚታገለውም ለዚሁ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው «የታለመ» ተብሎ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች በቴሌብር ሲሰጥ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ለአንዱ በርካሽ፣ ለሌላው በውድ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ዕቃ ከርካሹ ወደ ውዱ መፍሰሱ አይቀርም፤ በድጎማ የተቀዳ ነዳጅ ለጥቁር ገበያ እየዋለ መሆኑን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል።

ታዲያ ዋጋውን መልቀቅ ነው መፍትሔው? ብዙው ተለቋል እኮ። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ 2014 አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። የአሶሳው ጠርሙስ ግን ከመንገድ ዳር አልተነሳም። ስለዚህ አሶሳ ላይ ድጎማውን ብቻ መውቀስ አያዋጣም፤ ሁለት ሌሎች ነገሮች አሉ።

አንዱ መንገዱ ነው። ከጅቡቲ የተነሳ ቦቴ አሶሳ እስኪደርስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ የመጨረሻው ክፍል ወለጋን ያቋርጣል። በፀጥታ ችግር ይህ መስመር በተቋረጠባቸው ዓመታት አሶሳ ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ሸቀጥ ሁሉ ርቋት ነበር። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ዕቃ ደግሞ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይገዛዋል፣ ያስቀምጠዋል። ዛሬ የገባው ቦቴ ሳምንቱን ባያደርስስ? ጀሪካን ሞልቶ ቤት ውስጥ ማኖር፣ አደጋው እንዳለ ሆኖ፣ ከስስት ይልቅ ለጥንቃቄ የቀረበ ነው።

ሌላው ወርቅ ነው፤ በእኔ ግምት ዋናውም ይኸው ነው። በአሶሳ ዙሪያ ያሉት ኩርሙክ፣ ሸርቆሌ፣ መንጌ፣ ኦዳ ቢልድግሉ የባህላዊ ወርቅ አምራቾች አገር ናቸው። ወርቅ ለማጠብ ውኃ መሳብ ያስፈልጋል፣ ፓምፑ ቤንዚን ይጠጣል፤ ጀነሬተሩም እንደዚያው። የወርቅ ዋጋ በወጣ ቁጥር አምራቹ ለአንድ ሊትር ሊከፍል የሚችለው ገንዘብ አብሮ ይወጣል። የከተማው ባለባጃጅ የሚወዳደረው እንግዲህ ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን የጉድጓዱ ዳር ከቆመው ፓምፕ ጋር ነው፤ በዚህ ጨረታ ደግሞ አያሸንፍም። ማደያው ላይ ያለው ዋጋ ቢጨምርም ወርቁ ከዚያ በላይ ይከፍላል።

ወርቁ ራሱ ግን ጥሩ ትምህርት አለው፤ እሱም በሁለት ዋጋ ይሸጥ የነበረ ዕቃ ነውና። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በትይዩ ገበያ ደግሞ የዚያ እጥፍ ያህል ነበር። ብሔራዊ ባንክ ለአምራቹ ከዓለም ዋጋ በላይ ጉርሻ ይጨምርለት ነበር። ጉርሻው ለምሳሌ 35 በመቶ ቢሆን የባንኩ ዶላር ከ77 ብር አያልፍም፤ ድንበር ተሻግሮ የሚሄደው ወርቅ ግን በትይዩው ዶላር ይሰላል። ወርቁ የት እንደሚሄድ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ልዩነቱ ጠበበ። በ2016 በጀት ዓመት 4 ቶን ገደማ የነበረው ወደ ብሔራዊ ባንክ የሚገባ ወርቅ በ2017 ከ35 ቶን በላይ ሆነ፤ ከወርቅ ወጪ ንግድ የተገኘው ገቢም 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። የዓለም ዋጋ መናሩም አግዟል፣ ቁጥጥሩም ጠብቋል፤ ሁለቱን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መሬቱ ስምንት እጥፍ ወርቅ አላበቀለም። አብዛኛው ድሮም ይወጣ የነበረ፣ በሌላ በር ይሄድ የነበረ ወርቅ ነው።

ቤንዚኑ ላይ የወርቁን መድኃኒት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የአምራቹ አቅም የባለባጃጁን አሥር እጥፍ ከሆነ አንድ ነጻ ዋጋ ቤንዚኑን በሙሉ ወደ ኩርሙክ ይልከዋል፤ አሶሳም በእግሯ ትሄዳለች። የሚያዋጣው አምራቹን ከባለባጃጁ ሰልፍ ማውጣት ይመስለኛል። ፈቃድ ያላቸው የወርቅ አምራች ማኅበራት ለብቻ በተመደበ ቦቴ፣ ያለ ድጎማ፣ የማጓጓዣውን ሙሉ ወጪ ከፍለው ይግዙ። ዛሬም ቢሆን ለጠርሙሱ ከዚህ በላይ እየከፈሉ ስለሆነ አይጎዱም፤ በዚያ ላይ ደረሰኝ ያገኛሉ። መጠኑንም ለባንክ ካስረከቡት ወርቅ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ወርቅ ሳያስረክብ ቤንዚን የሚያነሳ ማኅበር ካለ ቤንዚኑ ወይም ወርቁ ሌላ ቦታ ሄዷል ማለት ነው።

ማደያዎቹም አሉ። ባለማደያው ከአንድ ሊትር ላይ በሕግ የተፈቀደለት ትርፍ ለረጅም ዓመታት በሳንቲም የሚቆጠር ነበር፤ ሌሊት በጓሮ በር ጀሪካን ከሚሞላለት ሰው የሚያገኘው ደግሞ በብር ነው። ተቆጣጣሪ ማብዛት የሚረዳው እስከተወሰነ ደረጃ ብቻ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ደመወዝተኛ ነው። ከዚያ ይልቅ ቦቴ በገባ ቁጥር ለየትኛው ማደያ ስንት ሊትር እንደተራገፈ በዚያው ቀን ለከተማው ሕዝብ ቢነገር፣ አሥር ሺህ ሊትር ተራግፎለት በሁለት ሰዓት ውስጥ «አለቀ» የሚለውን ማደያ ሰልፈኛው ራሱ ይጠይቀዋል።