የልብ ምስጢር ጠባቂዎች በምን ደንብ ይተዳደሩ?

በሸዋ እድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በጦሳ ተራራ ሥር ካለችው ከደሴ ጀምሮ ሐረጎን ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ በየገጠሩ፣ ቅሬ የሌለውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። በብዙ ስፍራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተጽፈው አንዱ የሌላውን መቃብር ይቆፍራል፤ አንዱ ለሌላው ለቅሶ ይደርሳል። የቅሬው ደንብ አንዳንዱ ዘንድ በወረቀት የሰፈረ፣ አንዳንዱም ዘንድ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ የሚኖር ነው። የሆነ ሆኖ የሚስተው የለም። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ መቀጫውን አልከፍልም ብሎ የታበየም የራሱ ቀን ሲደርስ ሬሳ የሚያነሣለት እንዳያጣ ይፈራል።

ይህን ማንሣታችን ስለ ቅሬ ለመጻፍ አይደለም። ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ የወደድነው፣ የሥነ ልቡና ባለሞያዎች በደሴና በኮምቦልቻ ተሰባስበው የሞያ ማኅበር ቢያቆሙ በምን ዓይነት መተዳደሪያ ደንብ ሊመሩ ይገባል የሚለውን ጉዳይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር አለ። ነገር ግን አዲስ አበባ ሆኖ የወሎን የየዕለት ጉዳይ መዳኘት አስቸጋሪ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ፣ የአካባቢ ማኅበር አሳብ የቅንጦት አሳብ አይደለም። መቸም አገራችን ማኅበር የማቆም ችግር የለባትም። ችግሩ ደንቡን ከሌላ ማኅበር ገልብጦ፣ ስሙን ብቻ ለውጦ፣ ማኅተም ማስቀረጽ ላይ ነው።

ቅሬ ጸንቶ የኖረበት ምክንያት ቢመረመር፣ ደንቡን የሚያወጡት ሰዎችና ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች አንድ በመሆናቸው ነው። ዛሬ ቀባሪ የሆነው ነገ ተቀባሪ ነው፤ ደንቡ ቢጣመም ጉዳቱ ወደ ራሱ ይመለሳል። የሥነ ልቡና ባለሞያዎች ማኅበር ግን እንደዚህ አይደለም። የእርሱ ደንብ ከሁሉ አጥብቆ የሚነካው ሰው በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ አይገኝም። ያ ሰው በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተራዋን የምትጠብቅ ሴት ናት፤ በትምህርት ቤት የምክር ክፍል ደጃፍ ላይ ልግባ ወይስ ልመለስ እያለ የሚያመነታ ተማሪ ነው። እነዚህ መዋጮ አይከፍሉም፤ እጃቸውን አውጥተው ድምፅ አይሰጡም፤ በቃለ ጉባኤ ላይ አይፈርሙም። ስለዚህ ደንቡ የሚጻፈው ለተሰበሰቡት ምቾት ብቻ ከሆነ፣ የሚጎዳው ሰው አቤት የሚልበት ስፍራ የለውም።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ይበልጥ እንደሚያሳስብ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞልቷት ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ተከታትለው በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ የመንግሥት ጦር መልሶ የያዛቸው በኅዳር ወር መጨረሻ ነው። በመካከሉ የደሴ ሆስፒታልና በሁለቱም ከተሞች ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ልብ ቁስል መነጋገር ጀመረ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በጥቂት ቀን ስብሰባ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ በማግሥቱ ራሱን የሥነ ልቡና ሊቅ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው በየትም አገር አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሥነ ልቡና የመጀመሪያ ርዳታ ያሳተመው መመሪያ እንኳ፣ ይህ ርዳታ ማንም ቀና ሰው ተምሮ ሊሰጠው የሚችል እንጂ የባለሞያ ሕክምና እንዳልሆነ ራሱ ይናገራል። የተቃጠለን እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብና ቆዳ ቀዶ መጠገን አንድ እንዳልሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ የደንቡ አንቀጽ ስለ አባልነት ሲነሣ፣ ማን ሙሉ አባል፣ ማን ተባባሪ፣ ማን ተማሪ አባል እንደሚሆን በትምህርትና በተቆጣጣሪ ሥር በተሠራ ልምድ መለየት አለበት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር ይገባዋል። ማኅበር ፖሊስ አይደለም፤ የሕክምና ሥራ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነሣውም መንግሥት ነው። ማኅበሩ የሚችለው የአባሎቹን ዝርዝር ለሕዝብ ገልጦ ማሳየት፣ ከዝርዝሩ የወጣውንም መውጣቱን መናገር ነው። ይህም ጥቂት አይደለም።

በሕጉ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 404 ጀምሮ፣ ማኅበር ማለት ትርፍ ለመካፈል ያልሆነ ስብስብ መሆኑን አስቀምጦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ የሞያ ማኅበርን ለይቶ ይተረጉመዋል፤ ለማኅበር አምስት አባሎች ይበቃሉ፤ የበላይ ሥልጣን ያለውም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። እድርንና እቁብን አዋጁ አይነካቸውም። ሥራው በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሆነ ማኅበር ጉዳዩ ወደ ክልሉ የሚሄድ ሲሆን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ግን በፌዴራሉ አዋጅ ሥር ይውላል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወርደው መንገድ ቅርብ ስለሆነ፣ የወሎ ባለሞያዎች ከወዲሁ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው። ከዚህ የቀረው፣ ሊቀ መንበር ስንት ዓመት ይቀመጥ፣ ገንዘብ ያዥ ስንት ብር በእጁ ይያዝ የሚለው፣ ማንኛውም የቅሬ ጸሐፊ ሊያስተምረው የሚችል ነው።

ከባዱ የሥነ ምግባር ክፍል ነው። የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1892 የተቋቋመ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1953 ነው። አወጣጡ ለእኛ ትምህርት የሚሆን ነው። ኮሚቴው ጠረጴዛ ከቦ የሚያምር ቃል አልፈለገም። ከሰባት ሺህ ለሚበልጡ አባሎች ደብዳቤ ጽፎ፣ በሥራችሁ ላይ ኅሊናችሁን ያስጨነቀ እውነተኛ ጉዳይ ላኩልን አለ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ጉዳይም መጣለት። ደንቡ የተጻፈው ከእነዚያ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ባለሞያዎች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢላክላቸው ምን ይጽፉ ይሆን? እኛ አንዳንዱን ለመገመት እንሞክራለን። አንዲት ሴት ለባለሞያ የነገረችውን ነገር አጎቷ በፒያሳ አግኝቶት፣ «ልጃችን እንዴት ሆነችልህ?» ቢለው ምን ይመልሳል? አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ እርሱ ነው ያመጣት፤ ምናልባትም የመኪናዋን ሒሳብ የከፈለ እርሱ ነው። ዝም ቢለው ንቀት ይሆናል፤ ቢመልስለት ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ለሠራተኛው ምክር እንዲሰጥ ባለሞያ ቀጥሮ፣ ኋላ ሥራ አስኪያጁ «ይህ ሰው ለማሽን ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ቢል መልሱ ለከፋዩ ነው ወይስ ለተመካሪው? ርእሰ መምህሩ የተማሪውን ማኅደር አምጣ ቢልስ? በሞያው የውጭ መጻሕፍት፣ ባለሞያ ከዘመዱና ከወዳጁ ጋር የምክር ሥራ እንዳይሠራ ይመክራሉ። ቅሬው፣ ሠርጉና ጎረቤቱ በተሳሰረበት ከተማ ይህን ቃል በቃል ልፈጽም የሚል ባለሞያ አንድም ሰው አያገኝም። የአሜሪካው ደንብ ራሱ፣ ጉዳት የማያስከትልን መቀራረብ አይከለክልም፤ ብዝበዛ እስካልሆነና ሥራውን እስካላበላሸ ድረስም በገንዘብ ፈንታ ዕቃ መቀበልን ይፈቅዳል። ስለዚህ ገጠር ያለች እናት ቅቤ ይዛ ብትመጣ ደንቡ አስቀድሞ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የደም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ አንድ ተማሪ አንዲትን ልጅ እንደሚገድላት ለሥነ ልቡና ባለሞያው ተናገረ። ባለሞያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊስም ተማሪውን ይዞ ለቀቀው፤ ለልጅቷ ግን ማንም ሳይነግራት ቀረና ተገደለች። የታራሶፍ ጉዳይ በሚባለው በዚህ ክርክር የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976፣ ባለሞያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ቢኖርበትም አደጋ የተቃጣበትን ሰው ከጉዳት ለመከላከል ተገቢውን ማድረግ አለበት ሲል ፈረደ።

ይህን ወደ ወሎ እናምጣው። ወንድሙ የተገደለበት ጎልማሳ እንቅልፍ አጥቶ መጥቶ፣ «ደሙን ሳልመልስ አላርፍም» ቢል፣ ባለሞያው ለማን ይናገራል? ለፖሊስ ቢናገር ሰውየው ይታሰራል፤ ዘመዱ ግን ከደጅ ነው። ወሎ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከጥንት ጀምሮ አበጋር አለው። አበጋሮች ደም በተቃቡ ወገኖች መካከል ገብተው ያስታርቃሉ፤ ቃላቸውም ይከበራል። ታዲያ ባለሞያው ለአበጋር መናገሩ ምስጢር ማውጣት ነው ወይስ ሕይወት ማዳን? በእኛ በኩል፣ ደንቡ ይህን በዝምታ ማለፍ የለበትም እንላለን። ባለሞያው ምስጢር የሚፈታበትን ወሰን ገና ከመጀመሪያው ቀን ለመጣው ሰው ይንገረው፤ አደጋው የቀረበ ከሆነ ሊገደል ለታሰበው ሰውና ለሕግ አካል ያስታውቅ፤ ወደ አበጋር የሚሄደው ግን በባለ ጉዳዩ ፈቃድ ይሁን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሞያ ምስጢር ማባከንን የሚቀጣ ስለሆነ፣ ይህ አንቀጽ ሲረቀቅ የሕግ ዐዋቂ አጠገብ መቀመጥ ይኖርበታል።

እንግዲህ አባል ሲያጠፋ ማን ይዳኘው? የጓደኛን ጥፋት ጓደኛ ሲዳኝ ልብ ይሳሳል። በእንግሊዝ አገር ከ2009 ወዲህ በሕግ የተመዘገቡ የሥነ ልቡና ባለሞያዎችን በሚዳኘው ጉባኤ ውስጥ ከሞያው ውጭ የሆነ ሰው ይቀመጣል። ለወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሥነ ምግባር ኮሚቴው ውስጥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ወይም እናት ቢቀመጡ፣ በሃይማኖትም በሰፈርም ያልተመረጡ ከሆኑ፣ አቤቱታ ያላት ሴት ፊት ለፊቷ የምታየው ሁሉ የከሳሿ ጓደኛ እንደሆነ አይሰማትም። ተከሳሹም ሳይሰማ አይፈረድበት።

ደንብ አርቃቂዎችን መምረጥም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያው የአሜሪካ ማኅበር በ2005 እስረኞች በሚመረመሩበት ስፍራ ባለሞያ መገኘቱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን እንዲወስን አንድ ቡድን አቋቋመ፤ ድምፅ ከነበራቸው ዘጠኝ ሰዎች ስድስቱ ከጦር ሠራዊቱና ከስለላው መሥሪያ ቤቶች ጋር ግንኙነት የነበራቸው ነበሩ። ውሳኔው ተገቢ ነው የሚል ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2015 በገለልተኛ ጠበቃ የተደረገው ምርመራ የማኅበሩ ሹማምንት ከመከላከያው መሥሪያ ቤት ጋር ተመካክረው እንደ ነበር ገለጠ፤ የማኅበሩ ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ሥራውን ከለከለ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ማኅበር በአንድ ኮሚቴ አመራረጥ ይህን ያህል ከተዋረደ፣ ለጀማሪ ማኅበር ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ደንብ አርቅቆ ሲያመጣለት፣ ወይም ኮሚቴው ሁሉ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ጠርጠር ማለት ይበጀዋል።

ስለ ሁለቱ ከተሞች አንድ ነገር እንጨምር። ደሴ ከፍታ ላይ ሆና በጉም የምትሸፈን፣ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የፋብሪካ ከተማ፣ በመካከላቸው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ምልዓተ ጉባኤው ከፍ ብሎ ቢወሰን ስብሰባው ሁልጊዜ ይፈርሳል፤ ዝቅ ቢል ደሴዎች ብቻቸውን ወስነው ያድራሉ። ጉባኤው አንድ ጊዜ ላይ፣ አንድ ጊዜ ታች እየተደረገ፣ ደንብ የሚሻሻለው ግን ከሁለቱም ከተሞች የተገኙ አባሎች ድምፅ ሲሰጡበት ብቻ ቢሆን፣ ከሚኒባስ ሒሳብ በቀር የሚያስከፍል ነገር የለም።

በመጨረሻም ስለ መዝገብ። አብዛኛው ደንብ ማኅበሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ ይናገራል፤ ወንበርና ኮምፒውተር ማለት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከደሴ የሸሸ ባለሞያ በመሳቢያው ውስጥ ትቶት የሄደው ግን ወንበር ብቻ ላይሆን ይችላል። ማን ምን እንደ ደረሰባት፣ ማን ማንን እንደሚፈራ የተጻፈበት ደብተር በዘራፊ እጅ ቢገባ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የወሎ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ለዚህ ይዋል፤ ስም በአንድ መዝገብ፣ ታሪኩ በቍጥር ብቻ በሌላ መዝገብ ይጻፍ፤ የስሙ መዝገብ ባለሞያው ከሚሠራበት ክፍል ውጭ ይቀመጥ፤ ከተማው በአደጋ ላይ ሲወድቅም የትኛው ተይዞ እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቃጠል፣ ትእዛዙንም የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ እርሱ ባይገኝ ተተኪው ማን እንደሆነ በስምና በሥልጣን ተለይቶ ይታወቅ።